መጀመሪያ ጥላውን፦ ለአዳማ የጋራ ግቢ መቀመጫና አረንጓዴ ግድግዳ እንዴት እንምረጥ?

የእኛ ግቢ ኮንዶሚኒየም ነው። አምስት ብሎክ፣ መሃል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። ከሦስት ዓመት በፊት ነዋሪው ተሰብስቦ «እስቲ ይህን ቦታ እናሳምረው» አለ። ገንዘብ ተዋጣ። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ ላይ ያየነውን ፎቶ ይዘን ብየዳ ቤት ሄድንና አራት የላሜራ አግዳሚ ወንበር አሠራን። ወደ ምዕራብ በዞረው ግድግዳ ላይ ደግሞ ኪስ ኪስ ያለው ጨርቅ ሰቅለን አበባ ተከልንበት።

ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ወንበሮቹ ላይ መቀመጥ አልተቻለም። ያቃጥላሉ። ግድግዳው ደግሞ ውሃ ለስድስት ቀን ሲጠፋ ደረቀ። ከመቶ በላይ ችግኝ ነበር። ሰው ከኪሱ አዋጥቶ ያሠራው ነገር እንዲያ ሲሆን ማየት ያማል።

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ግቢዎች ዞሬ አይቻለሁ፣ በያጅና አናጺ ጠይቄአለሁ፣ ችግኝ ከሚያፈሉ ሰዎች ጋር ተቀምጫለሁ። አሁን ደግሞ የዕድር፣ የካፌና የትምህርት ቤት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ይህን ንጽጽር የጻፍኩት ለእነሱ ነው። የሱቅ ስም አልጠራም። ዋጋም በብር አላስቀምጥም፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

ከመግዛት በፊት በምን እንመዝን?

ከፀሐይ እንጀምር። አዳማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍንልናል። የሚያዝያውን የሚሸፍንልን የለም። በዚያ ሰዓት ግድግዳ ጥላ አይጥልም፤ ከላይ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ዘቅዘቅ ስትል የላዩ ጥላ ብቻውን አይበቃም። በጎን የሚከልል ይፈለጋል። ማንኛውንም መቀመጫ ስትመርጡ «ከላይ ምን አለው? በምዕራብ በኩልስ ምን ይከልለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁለቱም መልስ ከሌላችሁ ወንበር ለመግዛት አትቸኩሉ።

ነፋሱን የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ከከተማው አጠገብ ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዳማ 1 ብቻውን 34 ተርባይን አለው፣ አዳማ 2 ደግሞ 102። ያው ነፋስ ግቢያችን ሲገባ ቀላል ወንበር ይገለብጣል፣ የቡናውን ፍም ይበትናል፣ አቧራ ያለብሳል። ከሁሉ በላይ ቅጠል ያደርቃል። የነፋሱ አቅጣጫ ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ ሕንጻው ያዞረዋል። እንጨት ላይ የፌስታል ቁራጭ አስሩና ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ከሰዓት ተመልከቱት። ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ስህተት ያድናል።

ውሃው ትልቁ ጉዳይ ነው። የከተማው ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፤ በየሰፈሩም በፈረቃ ይደርሳል። በእናንተ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ቢበዛ ስንት ቀን ይቆያል? ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ያን ያህል ቀን ሳይጠጣ መቆየት የማይችል ተክል ለጋራ ግቢ አይሆንም። አጭር ስሌት ልስጣችሁ። ኪስ ኪስ ያለው የጨርቅ ግድግዳ በበጋ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። የእኛው 12 ካሬ ሜትር ነበር። በ4 ሊትር ብናሰላው በቀን 48 ሊትር፣ ከሁለት ጀሪካን በላይ ነው። ለስድስት ቀን 288 ሊትር፣ ማለትም 14 ጀሪካን። ሰው ለሚጠጣው በተቸገረበት ሳምንት ለግድግዳ 14 ጀሪካን ማን ያወጣል? ማንም። ማውጣትም የለበትም።

ቀጥሎ «ማን ይንከባከበዋል?» የሚለው ነው። የጥበቃ ሠራተኛው የራሱ ሥራ አለው። ልጆች ጉጉት አላቸው፣ ግን ፈተና ይደርሳል። በእኔ ተሞክሮ ሰው ሳይታዘዝ ውሃ የሚያጠጣው የሚበላውን ወይም የሚቀጥፈውን ነገር ነው። ይህን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቀሩት ሁለት መመዘኛዎች ቀላል ናቸው። አንደኛው ቦታው ላይ መርጋቱ ነው፤ ሌሊት ተነቅሎ የሚሄድ ነገር የጋራ ንብረት አይሆንም። ሁለተኛው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተመቻችተው ተቀምጠው መነሳት መቻላቸው ነው። ለዚህ ልኬቱ ይረዳል። የመቀመጫው ከፍታ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ጥልቀቱ ከ40 እስከ 45፣ ለአንድ ሰው ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መደገፊያው ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይበል። ቢያንስ በአንዱ ጫፍ የክንድ ማሳረፊያ አድርጉለት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያንን ይዞ ነው የሚነሳው።

መቀመጫዎቹ

*ላሜራና ብረት።* በያጅ በየሰፈሩ ስላለ መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ችግሩ ብረት የያዘውን ሙቀት ወዲያው ወደ ሰውነት ማሳለፉ ነው። ጥላ ውስጥ ካልሆነ በአዳማ ቀን ላይ አያስቀምጥም፤ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ደግሞ የባሰ ነው። ብረት ከመረጣችሁ ለእግሩና ለክፈፉ ብቻ አድርጉት። አርኤችኤሱ (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውስጡ ውሃ ተኝቶ የሚበላው ከውስጥ ነው። ብየዳው ካለቀ በኋላ ፀረ ዝገት ይቀባ፤ በተለይ መገጣጠሚያዎቹ። እግሩ አፈር ውስጥ አይቀበር። ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት መርገጫ ላይ ይቁም።

*ግንብና ኮንክሪት።* ይህ አያቶቻችን ቤት የነበረው መደብ ነው። ዛሬም ለጋራ ቦታ እጅግ ጠንካራው እሱ ነው። 1.8 ሜትር ርዝመት፣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ጠፍጣፋ 155 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማንም አንጠልጥሎት አይሄድም። ምስጥ አይበላውም፣ ዝገት አያውቀውም። ልጆች ቢዘሉበት ምንም አይሆንም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኮንክሪት ሙቀቱን ይዞ ያመሻል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ለብ ያለ ነው። በጥር ማታ ይህ ደስ ይላል፤ በመጋቢት ግን አይወደድም። ሁለተኛው አሠራሩ ነው። በአዳማ ፀሐይና ነፋስ አዲስ ኮንክሪት ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 28 ቀን ይቆጠራል። ግንበኛው «ነገ ተቀመጡበት» ካላችሁ እሺ አትበሉ። የላዩ ፊት በትንሹ ወደ ፊት ያዘንብል፤ አለዚያ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል።

*እንጨት በብረት እግር።* የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገራችሁ። እንጨት ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ከብረት እኩል ፀሐይ ቢመታውም እጅ ሲነካው ያን ያህል አያቃጥልም። ጣውላዎቹ መሃል አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወ ዝናቡ ይወርዳል፣ አየርም ይገባል። አንድ ጣውላ ቢሰበር ሁለት ብሎን ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ወንበሩን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ለጋራ ንብረት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንድ ጣውላ የሚሆን ገንዘብ ከኮሚቴ ሳጥን አይጠፋም፣ ለአዲስ ወንበር የሚሆን ግን ይጠፋል።

ጠላቱ ምስጥ ነው። እንጨት አፈር እንዳይነካ ማድረግ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ለዚህ ነው እግሩ ብረት ይሁን የምለው። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል፣ ግን ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ባህር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ እርጥቡን ከገጠሙት ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በደንብ የደረቀ ጣውላ ምረጡ። ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የብረት ድጋፉም በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቢሆን አይጎብጥም። ቫርኒሽ በዚህ ፀሐይ ተልጦ ይነሳል። የተልባ ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት፣ መቀባት ይሻላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ። ምስጥ ይከለክል ይሆናል፤ ነገር ግን ልብስ ያበላሻል፣ ይሸታል፣ አፈሩንም ይበክላል። ልጅ የሚቀመጥበት ነገር ላይ አይቀባም።

ግንብ መደብ ሠርቶ ላዩን በእንጨት ጣውላ ማልበስም ይቻላል። ሁለቱን ጥሩ ጎን ያገናኛል። ዋጋው ከሁለቱም ከፍ ይላል፤ ግን አንዴ ከተሠራ የሚቀየረው ጣውላው ብቻ ነው።

*ፕላስቲክና ራታን።* የፕላስቲክ ወንበር ለድግስ ነው። ነፋስ ይወስደዋል፣ ፀሐይ ሲበዛበት ይነጣል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ይሰነጠቃል። የተጠለፈው ራታን ከነትራሱ ያምራል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባው ባለቤት ላለው ካፌና በረንዳ ተስማሚ ነው። ለኮንዶሚኒየም ግቢ ግን አልመክረውም። ትራሱ አቧራ ይጠጣል፣ የሚያጥበውም ሰው የለም።

*አሮጌ ጎማ።* ቀለም ተቀብቶ ብዙ ቦታ ይታያል። ጥቁር ስለሆነ ይግላል። የባሰው ደግሞ ውስጡ ውሃ ማቆሩ ነው። ስለ ወባ ትንኝ ከታች የምለውን አንብቡና ወስኑ።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር። ወንበር በአንድ ረድፍ ከተደረደረ ሰው አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ጨዋታ የሚመጣው ፊት ለፊት ወይም በማዕዘን ሲሆን ነው። መሃሉ ላይ ለረከቦትና ለከሰል ምድጃ የሚበቃ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ተዉ። ቡና የምታፈላው ሰው በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ነፋሱ ከጀርባዋ በኩል ቢከለል ፍሙ አይበተንም። ይህን ቀድማ የነገረችን አንዲት የግቢያችን እናት ናት። ኮሚቴው ሲያስብ ግን አልጠየቃትም ነበር።

አረንጓዴ ግድግዳዎቹ

*ኪስ ያለው ጨርቅ።* ስልክ ላይ የምናያቸው ድንቅ ፎቶዎች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ዘዴውን በዓለም ያስታወቀው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፓትሪክ ብላንክ ነው። ፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የሠራው በጣም ይታወቃል። ሥሩ አፈር ውስጥ አይደለም፤ ጨርቁ ላይ ነው። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ውሃ በፓምፕ ከላይ ይንጠባጠባል፣ ቀኑን በየተወሰነ ሰዓት። ፓምፑ ከቆመ ጨርቁ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። አሁን አስቡት፦ መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ነፋሱ ያደርቃል። ኪሱ ውስጥ አፈር ቢጨመር እንኳ አንድ እፍኝ አፈር ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይዘልቅም። የራሱ ትልቅ ሮቶና ተከፋይ አትክልተኛ ላለው ሆቴል ይሆናል። ለጋራ ግቢ አይሆንም።

*ሃይላንድና ጀሪካን።* የውሃ ፕላስቲክ ቆርጦ በገመድ ማንጠልጠል ርካሽ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። ለትምህርት ቤት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ግን አንድ ሃይላንድ የሚይዘው አፈር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ፕላስቲኩም በፀሐይ ይፈረካከሳል። በጎኑ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን በጣም ይሻላል። ከታች ውሃ መውጫ ቀዳዳ አትርሱ።

*በደረጃ የተደረደረ ሳጥን።* ከብረት ማዕዘን በተሠራ መደርደሪያ ላይ ረጃጅም የእንጨት ወይም የላሜራ ሳጥኖች። ጥልቀታቸው 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አፈሩ እርጥበት ይይዛል። የአዳማ ዕድል እዚህ ላይ ነው፤ ፓሚስና ሬድ አሽ (ከእሳተ ገሞራ የወጡ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቀላል ድንጋዮች) በአካባቢያችን በብዛት አለ። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ፓሚስ አዋህዱ። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ፓሚሱም በቀዳዳዎቹ ውሃ ይዞ ለሥሩ ይሰጣል።

ምን ይተከል? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጠጅ ሳር ትከሉ። ለቡናው ጤና አዳም የምትቀጥፍ ሰው፣ በርበሬ ስታዘጋጅ በሶብላ የምትፈልግ ሰው፣ የዕቃ ማለቅለቂያ ውሃዋን ይዛ ትወርዳለች። ማንም አላዘዛትም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ውሃ ሲጠፋም ይታገሳሉ። በሶብላ ይጠወልጋል፣ ግን ዘሩ በቀላሉ ይገኛል።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ድራሴናንና ሸረሪት መሳይ ረጃጅም ቅጠል ያላቸውን አንዳንድ የጌጥ ተክሎች የቅጠላቸውን ጫፍ ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ጫፉ ላይ ብቻ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ውሃውን ጠርጥሩ።

*ከመሬት የሚወጣ ሐረግ።* በመመዘኛዎቹ ሁሉ ካየሁት አማራጭ የሚበልጠው ይህ ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ካለፈ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይጠጣ ይቆያል። ግድግዳው ላይ ክብደት አይጥልም። ከሁሉ በላይ ግን ከግድግዳ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ብረት ቋሚ አቁማችሁ ሽቦ ከዘረጋችሁለት ዳስ ይሆናል፤ መቀመጫውን ከላይም ከጎንም ይሸፍናል። መቀመጫና አረንጓዴ ግድግዳ ሁለት የተለያየ ግዢ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው። ግድግዳው የመቀመጫው ጥላ መሆን አለበት።

ዓይነቶቹን ልለይ። ቡገንቪላ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ እሾህ ስላለው ልጅ በማይደርስበት ከፍታ መመራት አለበት። ፓሽን ፍሩት በዓመት ገደማ ዳሱን ይሸፍናል፣ ፍሬም ይሰጣል። ውሃ ግን ከቡገንቪላ የበለጠ ይወዳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ያረጃል፤ ተተኪ ቀድሞ መትከል ነው። ወይን የአካባቢውን ሙቀት ይወዳል፤ ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በስፋት የሚለማውም ለዚህ ነው። በየዓመቱ የሚገርዘው እጅ ካላገኘ ግን ይወሳሰባል። እኛ ሁለቱን ቀላቅለናል፤ በምዕራብ ጎን ቡገንቪላ፣ ከላይ ፓሽን ፍሩት።

ግድግዳ ላይ በራሱ ተጣብቆ የሚወጣ ሐረግም አለ። ሽቦ አይፈልግም፤ ነገር ግን ሲነቀል ቀለምና ልስን ይዞ ይነሳል። የጋራ ሕንጻ ላይ ባይሆን ይሻላል። ሽቦው ራሱ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ሲገባበት ግድግዳው አይረጥብም።

*አርቲፊሻል ቅጠል።* ካፌዎች ውስጥ በዝቷል። ጥላ ላለበት ቤት ውስጥ ይሆናል። ውጭ ሲሰቀል በፀሐይ ይነጣል፣ በአቧራ ይቀበራል፣ ጥላም ቅዝቃዜም አይሰጥም። አጠገቡ ከሰል ከተቀጣጠለ ደግሞ ያሰጋል፤ ፕላስቲክ ነው።

*ስለ ወባ ትንኝ።* አዳማ ወባ የሚታወቅበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ደግሞ ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በመሳሰሉት ዕቃዎች ባለ ውሃ ይራባል። ስለዚህ ሳጥን ሥር የሚቀመጥ ሳህን፣ ጎማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል አይኑር። ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የተጠራቀመ ውሃ በየሳምንቱ ከተደፋ አይደርስም። ይህን የሚከታተል ሰው ኮሚቴው በስም ይመድብ።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | በበጋ ፀሐይ | በነፋስ | እንክብካቤና ውሃ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| የላሜራ ወንበር | ያለ ጥላ ያቃጥላል | ከታሰረ ይረጋል | በየጊዜው ፀረ ዝገት | መካከለኛ |
| የኮንክሪት መደብ | ሙቀት ይዞ ያመሻል | አይነቃነቅም | የለውም ማለት ይቻላል | መካከለኛ |
| እንጨት በብረት እግር | ከሁሉ የተሻለ | ከታሰረ ይረጋል | በዓመት አንዴ ዘይት | መካከለኛ |
| መደብ ከእንጨት ልባስ ጋር | ጥሩ | አይነቃነቅም | በዓመት አንዴ ዘይት | ውድ |
| ፕላስቲክ፣ ራታን | ይነጣል፣ ይሰነጠቃል | ይወሰዳል | ማታ ማስገባት | ከርካሽ እስከ ውድ |
| የጨርቅ ኪስ ግድግዳ | ይደርቃል | በጣም ይጎዳል | ያለ ውሃ 1–2 ቀን | በጣም ውድ |
| ጀሪካን | ይፈረካከሳል | ይወዛወዛል | ያለ ውሃ 2–3 ቀን | በጣም ርካሽ |
| ሳጥን በደረጃ | ጥሩ | ከታሰረ ይረጋል | ያለ ውሃ 4–6 ቀን | መካከለኛ |
| ሐረግ በሽቦ | በጣም ጥሩ፣ ጥላ ይሰጣል | ጥሩ | ከ1 ዓመት በኋላ 2–3 ሳምንት | ርካሽ |
| አርቲፊሻል | ይነጣል | አቧራ ይይዛል | መታጠብ | መካከለኛ |

ለማን የቱ ይሁን?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ወንበሩን ተዉት። ሐረጉን ትከሉ፣ ዳሱን አቁሙ። ጥላ ካለ ሰው በርጩማውን ይዞ ይወርዳል። ወንበር በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። እኛ በተቃራኒው ጀምረን ነው የከሰርነው።

መካከለኛ ገንዘብ ላለው ኮንዶሚኒየም እንጨት በብረት እግር፣ ከላይ የሐረግ ዳስ፣ በአንድ ጎን ሁለት ደረጃ የቅመም ሳጥን ይበቃል። ከዚህ በላይ አትሂዱ። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ግን ጠቅላላ ስብሰባ አድርጉ። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው። ፊሸር የሚመታበት ግድግዳ ጀርባው የሰው መኝታ ቤት ነው። የብሎኬት አጥርም ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ከሌለው እርጥብ አፈር የተሞላ ሳጥን አይሸከምም። መደርደሪያው በራሱ እግር መሬት ላይ ይቁም።

አብዛኛው አባሉ ዕድሜው የገፋ ዕድር መደብ ከእንጨት ልባስ ጋር ቢያሠራ ይሻላል፤ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ሳይጎድል። ትምህርት ቤት ባዶ መደብ ይበቃዋል። እዚያ እሾህ ያለው ነገር አይተከል፤ ፓሽን ፍሩትና ጀሪካን ይሁን። የመንገድ ዳር ካፌ ወንበሩን ማታ የሚያስገባ ሠራተኛ ስላለው ራታን ቢመርጥ አልቃወምም። በጎን ግን አርቲፊሻሉን ትቶ በትላልቅ ሳጥን የተተከለ ቡገንቪላ ቢያደርግ ነፋሱንም አቧራውንም ይከልልለታል።

መቼና እንዴት ይጀመር?

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር። ብስባሽና ፍግ ገብቶበት ይክረም። የዳሱ ቋሚም እንዲሁ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ገብቶ በኮንክሪት ይያዝ፤ ሐረጉ ሲከብድና ነፋስ ሲመጣ የሚገፋው ጉልበት ቀላል አይደለም። ከፍታው 2.4 ሜትር ይሁን። ጋልቫናይዝድ ሽቦ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ይዘርጋ። ችግኙ ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ አጋማሽና በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል። ሦስት ወር ሰማዩ ያጠጣላችኋል።

ከመስከረም በኋላ ያለው የመጀመሪያው በጋ ነው ፈተናው። ለእያንዳንዱ ሐረግ ታቹን በመርፌ የተበሳ አሮጌ የ20 ሊትር ጀሪካን አጠገቡ አፈር ውስጥ ግማሽ ድረስ ቅበሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሞላችሁት ቀስ እያለ ሥሩን ያጠጣዋል። የመሬቱን ፊት በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሱት። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም ይሆናል፤ በረኪና ያለበት ግን አይደፋ። ለአሥር ሐረግ በሳምንት አሥር ጀሪካን ነው፤ ያውም ለአንድ በጋ ብቻ። አሥር ቤት አንድ አንድ ሐረግ በስሙ ቢወስድ ለአንድ ቤት በሳምንት አንድ ጀሪካን ይደርሰዋል። እኛ እንዲህ ነው ያደረግነው። የተከልነው አሥር ሐረግ ነበር፤ ዘጠኙ ጸደቀ።